በሰው መሬት ላይ፦ የብሪታንያ ስፒድዌይ ሜዳዎች ታሪክ

አራት ሞተር ሳይክሎች በአንድ መስመር ይቆማሉ። ፍሬን የላቸውም። ማርሻቸው አንድ ብቻ ነው፣ ነዳጃቸውም ሜታኖል ነው። መነሻው ላይ የተወጠረው ላስቲክ ሽቅብ ሲፈናጠር አራቱም ወደ ግራ እየታጠፉ ሞላላውን መም አራት ጊዜ ይዞራሉ። ኩርባው ላይ የኋላ ጎማቸውን ሆን ብለው ያንሸራትታሉ፣ ግራ እግራቸውን መሬት ላይ ይጎትታሉ፣ የተፈጨውን ቀይ ድንጋይ ከኋላቸው ይረጫሉ። አንዱ ውድድር ከአንድ ደቂቃ እምብዛም አያልፍም። አንደኛ የወጣው 3፣ ሁለተኛው 2፣ ሦስተኛው 1 ነጥብ ያገኛል፣ አራተኛው ባዶ እጁን ይመለሳል። ስፒድዌይ የሚባለው ስፖርት ይኸው ነው።

በብሪታንያ ይህ ስፖርት አንድ ጊዜ በሕዝብ ብዛት ከእግር ኳስ ጋር ይፎካከር ነበር። ዛሬ ለምን እንዲህ ሳሳ ሲባል ብዙዎች የሚሰጡት መልስ «ተመልካቹ ሰለቸው» የሚል ነው። ከፊሉ እውነት ነው። የቀረውን እውነት ግን የሚናገረው መሬቱ ነው። የስፒድዌይ ክለቦች ከመጀመሪያው ቀን አንሥቶ የሚወዳደሩት በአብዛኛው በተከራዩት ሜዳ ላይ ነበር፤ የሜዳው ባለቤት ሐሳቡን በለወጠ ቁጥር አንድ ክለብ ይጠፋል። የስፖርቱን ውጣ ውረድ በሻምፒዮኖቹ ስም ብቻ የሚተርክ ሰው ይህን ያጣዋል። ስለዚህ ታሪኩን በሜዳዎቹ በኩል እንከተለው። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

1923–1928፦ ከሜይትላንድ እስከ ኤፒንግ ደን

በታኅሣሥ 1923 በአውስትራሊያ የኒው ሳውዝ ዌልስ ግዛት፣ በዌስት ሜይትላንድ ከተማ፣ የግብርና ትርዒት ማኅበር ጸሐፊ የነበረው ጆኒ ሆስኪንስ በትርዒቱ ሜዳ ላይ የሞተር ሳይክል ውድድር አዘጋጀ። ከእሱ በፊት ጀምረናል የሚሉ ቢኖሩም ስፖርቱ ልደቱን የሚቆጥረው ከዚያ ምሽት ነው። ሆስኪንስ በኋላ እንግሊዝ ገብቶ በስፒድዌይ ዓለም ከታወቁት አዘጋጆች ሁሉ የገነነ ስም አተረፈ።

እንግሊዝ ውስጥ በ1927 በካምበርሊና በማንችስተር አቅራቢያ በድሮይልስደን ሙከራዎች ተደርገው ነበር። አገሩን ያናወጠው ቀን ግን የካቲት 19 ቀን 1928 ነው። የኢልፎርድ ሞተር ሳይክል ክለብ ከለንደን በስተሰሜን ምሥራቅ፣ በኤፒንግ ደን ውስጥ ሃይ ቢች በተባለ ስፍራ፣ ኪንግስ ኦክ ከሚባለው መጠጥ ቤት ጀርባ ባለ አሮጌ መም ላይ ውድድር ጠራ። አዘጋጆቹ የጠበቁት 3,000 ሰው ገደማ ነበር። የመጣው ከአሥር ሺህ እጅግ ይበልጣል፤ 30,000 ነበር የሚሉም አሉ። ቦታ ያጣው ሕዝብ ከመሙ ውጭ ብቻ ሳይሆን መካከሉ ድረስ ገብቶ ቆመ፤ ሞተሮቹ በሁለት የሰው ግድግዳ መሐል አለፉ። ሁለት አውስትራሊያውያን፣ ቢሊ ጋሎዌይና ኪት ማኬይ፣ ኩርባውን እያንሸራተቱ እንዴት እንደሚያልፉት ለእንግሊዞቹ አሳዩ።

ያ የመጀመሪያው ሜዳ የመጠጥ ቤት ጓሮ እንደነበረ ልብ በሉ።

1928–1939፦ ውሾቹና ሞተሮቹ

ስፒድዌይ እንግሊዝ የገባበት ጊዜ እጅግ የተመቸ ነበር። ከሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በሐምሌ 1926፣ ማንችስተር ውስጥ ቤል ቪው በተባለ ሰፈር ዘመናዊው የግሬይሃውንድ ውሾች ውድድር ተጀምሮ ነበር። ነገሩ ውርርድ ያለበት ስለሆነ በየከተማው የውሻ ውድድር ኩባንያዎች ተቋቋሙ፣ በየሠራተኛው ሰፈርም ስታዲየም ተገነባ። ስታዲየሞቹ ሞላላ መም፣ የሌሊት መብራትና መቀመጫ ነበራቸው፤ ውሾቹ በማይሮጡባቸው ምሽቶች ግን ጦም ያድራሉ። የሞተር ሳይክል አዘጋጆቹ በሳምንት አንድ ምሽት ኪራይ ከፍለው ገቡ። በ1928 መጨረሻ በመላ አገሪቱ በርካታ ደርዘን መሞች ተከፍተው ነበር፤ በ1929 ደግሞ የሰሜንና የደቡብ ሊጎች ተመሠረቱ።

ይህ ጋብቻ የስፖርቱን መልክ ወሰነው። በአብዛኛዎቹ ስታዲየሞች ውሾቹ በውጭው መም ሲሮጡ የሞተሮቹ መም ወደ ውስጥ ገባ፤ ተመልካቹም ከሞተሮቹ የሚለየው አንድ የውሻ መም ያህል ርቀት ሆነ። የሳምንቱን ምሽት የሚመርጠውም ባለ ስታዲየሙ ነበር። ከመጠጡና ከምግቡ የሚገኘው ገቢ በብዙ ቦታ ለእሱ ሲቀር፣ ለስፒድዌዩ አዘጋጅ የሚተርፈው የመግቢያው ትኬት ነው። ሕዝቡ በብዛት እስከመጣ ድረስ ይህን ማንም አልቆጠረውም።

ሕዝቡም መጣ። ምሥራቅ ለንደን ውስጥ፣ በወደቡ አካባቢ በኩስተም ሐውስ ሰፈር በ1928 የተከፈተው የዌስት ሃም ስታዲየም 120,000 ሰው ይይዛል ይባል ነበር። ቴምስ የሚባል የእግር ኳስ ክለብም እዚያው ይጫወት ነበርና በታኅሣሥ 1930 ባደረገው አንድ የሊግ ጨዋታ የተገኘው ተመልካች 469 ብቻ ነው። በዚያው ስታዲየም ስፒድዌይ በአሥር ሺዎች ይጠራ ነበር። ሆስኪንስ ራሱ የዌስት ሃምን የስፒድዌይ ክለብ ለዓመታት መርቷል።

የዌምብሌይ ታሪክ ደግሞ የእግር ኳስ ወዳጆች ሁሉ ሊያውቁት የሚገባ ነው። ስታዲየሙ የተሠራው ለ1924ቱ የኢምፓየር ኤግዚቢሽን ሲሆን፣ ኤግዚቢሽኑ ሲያልቅ ለመፍረስ ተዘጋጅቶ ነበር። የገዛው በኤግዚቢሽኑ ላይ የሲጋራ መደብሮች የነበሩት አርተር ኤልቪን ነው። በዓመት አንድ የዋንጫ ፍጻሜ ያን ግዙፍ ሕንፃ ሊያቆመው አይችልምና በ1927 ውሾችን፣ በ1929 ስፒድዌይን አስገባ። የዌምብሌይ ላየንስ ክለብ በየሐሙስ ምሽቱ ስታዲየሙን ይሞላው ጀመር። ያ ዝነኛ ሜዳ ሳይፈርስ የቀረው በእግር ኳስ ብቻ አይደለም፤ በውሾችና በሞተሮችም ጭምር ነው።

የመጀመሪያው የዓለም ሻምፒዮና ፍጻሜ በመስከረም 1936 እዚያው ተደረገ። የዌስት ሃሙ አውስትራሊያዊ ብሉይ ዊልኪንሰን በዚያ ምሽት የገባበትን ውድድር ሁሉ ቢያሸንፍም፣ ከማጣሪያ የተሸጋገረው ተጨማሪ ነጥብ ስለጎዳው ዋንጫው ለአገሩ ልጅ ለላዮኔል ቫን ፕራግ ሆነ። ዊልኪንሰን በ1938 ዋንጫውን አገኘ፤ በ1940 ሲድኒ ውስጥ በሞተር ሳይክል አደጋ ሞተ።

1945–1957፦ የሞላው ዘመንና ግብሩ

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዓመታት ሜዳዎቹ ከሞላ ጎደል ሲዘጉ፣ በማንችስተር የአራዊት መናፈሻ ግቢ ውስጥ የነበረው የቤል ቪው ሃይድ ሮድ ስታዲየም ብቻውን ውድድሩን ቀጠለ። ሃይድ ሮድ በ1929 የተከፈተ፣ ለስፒድዌይ ተብሎ የተቀረጸ መም ነበር፤ ተመልካቹ ከአጥሩ አጠገብ ቆሞ አቧራውን ይቀምስ ነበር።

ሰላም ሲመለስ ሕዝቡ መዝናኛ ጠምቶት ነበር። በ1946 ከ6 ሚሊዮን በላይ ትኬት ተቆረጠ። ሊጉ ሦስት ምድብ እስኪኖረው ድረስ ሰፋ፤ በ1949 የዓለም ፍጻሜው ዌምብሌይ ላይ ሲመለስ ከ90,000 በላይ ሰው ባለበት ቶሚ ፕራይስ የመጀመሪያው እንግሊዛዊ ሻምፒዮን ሆነ።

ውድቀቱ የተጸነሰው በዚያው ድምቀት ውስጥ ነው። መንግሥት በመዝናኛ ላይ የጣለው ግብር ከስፒድዌይ ትኬት ግማሽ የሚጠጋውን ይወስድ ነበር፤ ሌሎች ስፖርቶች የሚከፍሉት ከዚህ ያነሰ ነው። ኪራይም ግብርም የሚከፍል አዘጋጅ በጥሩ ዓመታት ለክፉ ቀን የሚሆን ጥሪት ሊያስቀምጥ፣ የራሱን መሬት ሊገዛ አልቻለም። ታሪኩን በተከታተልኩ ቁጥር ከሁሉ የሚቆጨኝ ይህ ነው፤ ገንዘቡ በእጅ የነበረው ያኔ ነበር። ከዚያ ቴሌቪዥን በየቤቱ ገባ፣ የቤት መኪናም ረከሰ፣ ሰው ምሽቱን ሌላ ቦታ ማሳለፍ ጀመረ። ግብሩ በ1957 ሲነሣ ጊዜው አልፎ ነበር። በዚያው ዓመት መጀመሪያ ኤልቪን ሞተና የዌምብሌይ ላየንስ ከሊጉ ወጣ። በ1959 በመላ ብሪታንያ የቀረው ሊግ አንድ፣ የቀሩት ክለቦችም ዘጠኝ ነበሩ።

1960–1981፦ ማንሠራራትና የማይታየው ለውጥ

በ1960 ፕሮቪንሺያል ሊግ የሚባል ሁለተኛ ሊግ ተመሠረተና በየአውራጃው ዝገት የበላቸው መሞች እንደገና ተከፈቱ። ሁለቱ ሊጎች ተጣልተው ከታረቁ በኋላ በ1965 በ18 ክለቦች የብሪታንያ ሊግ ተወለደ፤ በ1968 ሁለተኛ ምድብ ተጨመረበት። ስድስት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን የሆነው ኒውዚላንዳዊው አይቫን ማውገር፣ ስዊድናዊው ኦቬ ፉንዲን፣ ዴንማርካዊው ኦሌ ኦልሰን ሁሉም እንጀራቸውን የጋገሩት በእንግሊዝ ሊግ ነው። የ1976ቱን ዋንጫ የማንችስተሩ ፒተር ኮሊንስ ወሰደ።

በእነዚያው ዓመታት ግን አከራዩ ራሱ መታመም ጀምሮ ነበር። እስከዚያ ድረስ ሠራተኛው በጥሬ ገንዘብ በውሻ ላይ በሕግ መወራረድ የሚችለው ስታዲየሙ ድረስ ሄዶ ብቻ ነው። በ1960 የወጣው የቁማር ሕግ ይህን ለወጠው፤ ከግንቦት 1961 ጀምሮ በየመንገዱ የውርርድ ሱቅ ተከፈተ። ሰው ከሰፈሩ ሳይወጣ መወራረድ ሲችል ስታዲየም ለምን ይሄዳል? የውሻ ውድድር ኩባንያዎች ገቢ እያሽቆለቆለ ሲሄድ፣ ስታዲየሙ የቆመበት የከተማ መሬት ዋጋ ግን በተቃራኒው ያሻቅብ ነበር። አንድ ቀን ሁለቱ መስመሮች ይገናኛሉ፤ ያን ቀን ከሚሠራ ስታዲየም የሚሸጥ ስታዲየም ይበልጥ ያተርፋል። ስለ ስፒድዌይ ምንም የማይለው ይህ ሕግ ከማንኛውም የስፖርት ደንብ በላይ እጣውን ወሰነ ብዬ አምናለሁ።

ምልክቶቹ ፈጥነው ታዩ። አምስት ጊዜ ሻምፒዮን የሆነው ፉንዲን ይወዳደርበት የነበረው የኖሪች ፈርስ ስታዲየም በ1964 ተዘግቶ ቤት ተሠራበት። የኤድንብራው ኦልድ ሜዶውባንክ ለ1970ው የኮመንዌልዝ ጨዋታዎች ሲባል እንደ አዲስ ሲሠራ ስፒድዌይ ቦታ አልተተወለትም። ግዙፉ የዌስት ሃም ስታዲየም በ1972 ፈረሰ። ዛሬ ኩስተም ሐውስ የሚሄድ ሰው በቤቶቹ መካከል የዊልኪንሰንን፣ የክለቡ ተወዳዳሪዎች የነበሩትን የክሩምብስን፣ የአትኪንሰንንና የያንግን፣ እንዲሁም የሆስኪንስን ስም የያዙ መንገዶች ያገኛል፤ ነዋሪው ሁሉ ስሞቹ የማን እንደሆኑ ያውቃል ለማለት ግን ይከብዳል።

ዌምብሌይ የመጨረሻውን የዓለም ፍጻሜ ያስተናገደው በ1981 ነው። አሜሪካዊው ብሩስ ፔንሆል ከ90,000 በላይ ሰው ፊት አሸነፈ። ከዚያ በኋላ ስፒድዌይ ወደ ዌምብሌይ አልተመለሰም።

1983–2008፦ ቤት የተሠራባቸው መሞች

የዚህ ዘመን ታሪክ ከከተማ ከተማ ይመሳሰላል። የሌስተሩ ብላክበርድ ሮድ በ1983 ተዘጋ፣ የክራድሊ ሂዝ ክለብ ሻምፒዮን ያፈራበት ዱድሊ ዉድ በ1995 ተዘጋ፣ በዚያው ዓመት የኤድንብራው ፓውደርሆል፣ በ2005 የኤክሰተሩ ካውንቲ ግራውንድ ተከተሉ። የክራድሊ ሂዝ ደጋፊዎች ክለባቸው የዓለምን ምርጥ ተወዳዳሪዎች እየያዘ ሳለ ሜዳ አልባ ሆኑ። በስፖርቱ የተሸነፈ ክለብ አልነበረም፤ መሬቱ ተሸጠበት እንጂ።

ከሁሉም የከፋው የሃይድ ሮድ ነው። የአራዊት መናፈሻው በ1977 ቢዘጋም ስታዲየሙ ቆይቶ ነበር። በ1987 መጨረሻ እሱም ተሸጠና መኪና በጨረታ የሚሸጥበት ግቢ ሆነ። ክለቡ ጓዙን ጠቅልሎ በ1926 የውሻ ውድድር ወደተጀመረበት ወደ ከርክማንሹም ሌን ስታዲየም፣ ዳግም ወደ ውሾቹ ቤት፣ ገባ።

ለንደን ውስጥ ሃክኒ ዊክ የዓለም ሻምፒዮናውን አንድ ዙር፣ የመጀመሪያውን የብሪታንያ ግራንድ ፕሪ፣ በ1995 ቢያስተናግድም ስፒድዌዩ ከዚያ በኋላ አንድ ዓመት ብቻ ነው የቆየው። ቦታው ለ2012ቱ ኦሊምፒክ በተከለለው ምድር ውስጥ ገባና የጋዜጠኞችና የስርጭት ማዕከል ተሠራበት። ጥሩነሽ ዲባባ በ10,000 ሜትር፣ መሠረት ደፋር በ5,000 ሜትር ወርቅ ሲያገኙ እኛ በቴሌቪዥን ያየነው ምስል ወደ ዓለም የተሰራጨው የስፒድዌይ ሞተሮች ይጮሁበት ከነበረው መሬት ላይ ነው።

ዊምብልደን ረዘም ያለ ጣር ነበረው። ከ1928 ጀምሮ በፕላው ሌን የሠራው ክለብ በ1991 ወጣ፣ በ2002 ተመለሰ፣ በ2005 በኪራይ ውል ሳይስማማ እንደገና ወጣ። ውሾቹም በመጋቢት 2017 ለመጨረሻ ጊዜ ሮጡ፤ የዊምብልደን እግር ኳስ ክለብ ሜዳና አፓርታማዎች አሁን እዚያ ናቸው። በዋና ከተማይቱ አንድም የስፒድዌይ ሜዳ የለም።

ባዶውን ለመሸፈን የተገኘው መፍትሔ ካርዲፍ ነበር። ከ2001 ጀምሮ የብሪታንያ ግራንድ ፕሪ ጣሪያ ባለው ሚሌኒየም ስታዲየም ይካሄድ ጀመር፤ በኦልሰን አመራር የተፈጨ ድንጋይ በመኪና ተጭኖ እየገባ፣ መሙ በጥቂት ቀናት ተሠርቶ ሲያልቅ ተጠርጎ እየወጣ። ምሽቱ ያማረ ነበር፣ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰውም ይመጣ ነበር። ሆኖም ጠዋት የሚጠረግ መም ለአንድም ክለብ ቤት አይሆንም።

2011–2016፦ የፍርድ ቤት ቃልና የማንችስተር ሙከራ

ጥቂት ክለቦች መንገዱን ለመለወጥ ሞከሩ። ስካንቶርፕ በ2005፣ ሌስተር በ2011 አዲስ መም ከፈቱ። አዲስ ቦታ ማግኘት ግን ቀላል አይደለም፤ ሞተሮቹ ይጮሃሉ። በሰፎክ የሚልደንሆል ስታዲየም በ1975 ፈቃድ አግኝቶ በገጠር የተሠራ ነው። በ2006 በአቅራቢያው ቤት የገዙ ጥንዶች ጩኸቱ ረበሸን ብለው ከሰሱ። ጉዳዩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰና በ2014 ለከሳሾቹ ተፈረደ። ዳኞቹ የግንባታ ፈቃድ መያዝ ብቻውን ከሁከት ክስ አያድንም፣ ከስታዲየሙ በኋላ መጣችሁ የሚለው መከራከሪያም በቂ መልስ አይደለም አሉ። ቤቶች ወደ መሞቹ እየተጠጉ በመጡ ቁጥር የዚህ ፍርድ ክብደት ይሰማል።

ማንችስተር ሌላ መንገድ ያዘች። የከተማው ምክር ቤት ባለበት ፕሮጀክት፣ በጎርተን ከአሮጌው የውሻ ስታዲየም ጥግ 8 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ወጥቶ ለስፒድዌይ የታሰበ 6,000 ሰው የሚይዝ ብሔራዊ የስፒድዌይ ስታዲየም ተሠራ። በመጋቢት 2016 ሊመረቅ ሕዝቡ ገብቶ ከተቀመጠ በኋላ መሙ ለተወዳዳሪዎች አስተማማኝ አይደለም ተብሎ ውድድሩ ተሰረዘ። የስፒድዌይ መም በንብርብር የሚሠራ ነገር ነው፤ ታቹ ካልጠነከረ፣ ላዩ ውኃና ተንከባላይ በልኩ ካላገኘ ጎማው ይፈነቅለዋል፣ ፍሬን ለሌለው ሞተር ደግሞ ያ ሞት ነው። ዓመቱ ሳያልቅ አዘጋጁ ኩባንያ በዕዳ ተንኮታኮተ። ሕንፃው ግን የሕዝብ ንብረት ስለነበረ ሊሸጥ አልቀረበም፤ ሌሎች አዘጋጆች ገብተው ክለቡን አስቀጠሉት። በሰው መሬት ላይ የቆመ ክለብ ቢሆን ኖሮ ያን ክረምት አይሻገርም ነበር።

2016–2025፦ ኮቨንትሪ፣ ኦክስፎርድ፣ ዎልቨርሃምፕተን

ስፒድዌይ በ1928 የተጀመረበትን የኮቨንትሪ ቢስ ክለብ ሜዳ፣ ብራንደን ስታዲየምን፣ ቤት ሠሪዎች ገዙትና 2016 የመጨረሻው ዓመት ሆነ። ባዶው ስታዲየም ተዘረፈ፣ ተደጋግሞ ተቃጠለ። ደጋፊዎቹ ግን አልተበተኑም። በእንግሊዝ የፕላን መመሪያ መሠረት የስፖርት ማዘውተሪያ ላይ ሌላ ነገር ለመሥራት ቦታው ትርፍ መሆኑን ማሳየት ወይም እኩል ምትክ መስጠት ያስፈልጋል። ደጋፊዎቹ ይህን ይዘው ለዓመታት ተከራከሩ፤ የራግቢ ምክር ቤት በ2022 ፈቃዱን ከለከለ፣ ይግባኙም ወደቀ። አሸነፉ፤ ፍርስራሹ ግን አሁንም የሰው ንብረት ነው። ሕግ ባለ መሬቱን ቤት እንዳይሠራ ሊከለክለው ይችላል፣ ውድድር እንዲያካሂድ ግን አያስገድደውም።

የኦክስፎርድ ካውሊ ስታዲየም እስከ 2012 ከሠራ በኋላ ተዘግቶ ነበር፤ ለቤቶች ታስቦለት። ከተማው አካባቢውን የጥበቃ ክልል አደረገውና የቤቶቹ እቅድ ከሸፈ። ቦታው ለሌላ ትርፍ የማይሆን ሲሆን ባለቤቱ የኪራይ ውል ለመስጠት ተስማማ፣ በ2022 ውሾቹም ሞተሮቹም ተመለሱ። ኦክስፎርድና ኮቨንትሪ በአንድ መሣሪያ፣ በፕላን ሕግ፣ ነው የታገሉት፤ ልዩነቱ በመጨረሻ በሩን የከፈተ ባለቤት መገኘቱና አለመገኘቱ ነው።

በሌላ ቦታ ግን መዘጋቱ ቀጠለ። የስዊንደን ክለብ በ2019 የሊግ ሻምፒዮን ሆኖ ከዚያ በኋላ በሜዳው አልተወዳደረም። የ2021 ሻምፒዮን ፒተርቦሮ በ2023 የትርዒት ሜዳው ለቤት ልማት ታጭቶበት ወጣ። በዚያው ዓመት ዎልቨርሃምፕተን ከ1928 ጀምሮ ከሚያውቀው የሞንሞር ግሪን የውሻ ስታዲየም የኪራይ ውሉ አይታደስም ተብሎ ተሰናበተ። ሻምፒዮንነት የኪራይ ዋስትና አይደለም።

ፖላንድ ውስጥ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። በዚያ ስታዲየሞቹን በአብዛኛው የያዙት ከተሞቹ ናቸው፤ ቶሩን በ2009 የከፈተችው ሞቶአሬና ለዚህ ምሳሌ ነው። ሦስት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን የሆነው እንግሊዛዊው ታይ ዎፊንደን ዋናውን ገቢውን ያገኘው እዚያ ነው፤ ተከትለውት የመጡት ወጣቶችም መንገዱን አልለወጡም።

ብሪታንያ በጥቅምት 2021 የሀገራት ዋንጫውን ስታነሣ የተወዳደረችው በዚያው በጎርተን ስታዲየም ነበር። የማንችስተሩ ክለብ ቤል ቪው በ2022ና በ2024 ሊጉን አሸነፈ። በ2025 ደግሞ የብሪታንያ ግራንድ ፕሪ ካርዲፍን ለቆ ማንችስተር ገባ፤ በሰኔ ወር በተከታታይ ሁለት ምሽቶች ተካሄደ። ከዌምብሌይ 90,000 ወደ 6,000 መውረዱን እንደ ውርደት የቆጠሩ ነበሩ። እኔ አልቆጥረውም። ውድድሩ ሲያልቅ መሙን የጠረገ መኪና አልነበረም፤ የከተማው ክለብ ቀጣዩን የሊግ ግጥሚያ ያደረገው በዚያው ቀይ ድንጋይ ላይ ነው።